የዲትሮይት የቤት ግብርና ውዝፉ

በአሜሪካ የቤትና የቦታ ግብር የፌዴራሉ መንግሥት ገቢ አይደለም። በዋናነት የሚጥሉት ከተማው፣ ካውንቲ የሚባለው የአካባቢ አስተዳደርና የትምህርት ቤት አስተዳደሮች ናቸው። ገንዘቡ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ መከላከያ፣ ለመንገድ መብራትና ለትምህርት ቤት ይውላል። ከተማ ሲያድግ ከፋዩም አብሮ ስለሚበዛ የግብሩ ሸክም ይከፋፈላል። ከተማ ሲመናመን ግን መንገዱና የውኃ መስመሩ በዚያው ልክ ስለማያጥር የቀረው ሰው ለሄደውም ጭምር ይከፍላል። ይህ ጎልቶ ከታየባቸው ትልልቅ ከተሞች አንዷ በሚሺጋን ግዛት የምትገኘው ዲትሮይት ናት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1950 የዲትሮይት ሕዝብ ከ1.8 ሚሊዮን ይበልጥ ነበር። የመኪና ፋብሪካዎቹ ሠራተኛውን ከደቡብ ግዛቶችና ከባሕር ማዶ ይስቡ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ባለፋብሪካዎቹ ሰፊና ርካሽ ቦታ ፍለጋ ወደ ከተማዋ ዙሪያና ወደ ሌሎች ግዛቶች መውጣት ጀመሩ። ነጮቹ ነዋሪዎችም በአዲሶቹ አውራ ጎዳናዎችና በመንግሥት በተደገፈው የቤት ብድር እየታገዙ ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ፈለሱ። ጥቁሮች ከዚያ ብድርም ከዚያ ሰፈርም በመንግሥት መመሪያና በውል ታግደው ስለነበር በከተማዋ ውስጥ ቀሩ። በ1967 ክረምት የተነሳው ብጥብጥ ፍልሰቱን አባባሰው እንጂ አልጀመረውም። በ2010 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪው 713,777 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከተማዋ የተንጣለለችበት 360 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ግን ያው ነበር፤ መብራቱም፣ ቧንቧውም፣ የጡረተኞች አበልም አልቀነሰም።

አስተዳደሩ ጉድለቱን ለመሙላት አዳዲስ ግብሮችን ጣለ። በ1962 የከተማ የገቢ ግብር መጣ፤ ኋላም በመብራትና በስልክ ፍጆታ ላይ ግብር ተጨመረ። የቤት ግብሩ መጣኔም ከፍ እያለ ሄዶ ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ቤት ላይ ከእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የግብር ዋጋ ወደ 67 ዶላር ደረሰ፤ ይህም በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ከሚታየው ሁሉ ከፍተኛው ተርታ ነው። በአጎራባች ከተሞች አነስ ያለ ግብር ከፍሎ የተሻለ ትምህርት ቤትና ፈጥኖ የሚደርስ ፖሊስ ማግኘት ስለሚቻል እያንዳንዱ ጭማሪ ለአቅመኛው ነዋሪ ሌላ የመውጫ ምክንያት ይሆነው ነበር።

የግዛቱ ሕግ ለግብር ከፋዩ መከላከያ አላበጀም ማለት አይደለም። የ1963ቱ የሚሺጋን ሕገ መንግሥት አንድ ቤት ለግብር የሚገመትበት ዋጋ ከገበያ ዋጋው ግማሽ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ1994 ደግሞ ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው ማሻሻያ የአንድ ቤት የግብር ዋጋ በዓመት ከ5 በመቶ ወይም ከዋጋ ንረቱ፣ ከሁለቱ ካነሰው በላይ እንዳያድግ ተወሰነ። ገደቡ የሚነሳው ቤቱ ሲሸጥ ነው። ይህ ለነባሩ ባለቤት እፎይታ ሲሆን ለአዲስ ገዢ ግን ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ቤት ይዞ የበለጠ መክፈልን አመጣ። ይሁን እንጂ ማሻሻያው የታሰበው ዋጋ ሲወጣ ግብሩ አብሮ እንዳይተኮስ ነበር። ዋጋ ሲወርድ ቤቱን ዝቅ አድርጎ የመገመቱ ኃላፊነት በከተማው ግምት ክፍል እጅ ላይ ቀረ፤ ጥፋቱም የደረሰው በዚህ በኩል ነው።

የውዝፉ ታሪክ ሌላ መነሻ አለው። በቀድሞው የሚሺጋን ሕግ ግብር ያልተከፈለበት ቤት ወደ መንግሥት እስኪመለስ 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ሂደቱ ሲያልቅ እንኳ የባለቤትነት ማስረጃው ጥርት ያለ ስለማይሆን ቤቱን ደፍሮ የሚገዛ አይገኝም። በዚህ መካከል ባዶው ቤት ይዘረፋል፣ ይቃጠላል፣ የጎረቤቱንም ቤት ዋጋ ይዞ ይወርዳል። ግዛቱ ይህን ለማረም በ1999 ቁጥር 123 የተባለውን ሕግ አወጣ። በአዲሱ ሕግ ግብሩ ለ3 ዓመት ያህል ከተወዘፈ ካውንቲው በፍርድ ቤት ቤቱን ወርሶ በሐራጅ ይሸጠዋል። የሐሳቡ ባለቤቶች በዓይናቸው የነበረው ሰው አልባ ቤት ነው። ሕጉ ግን ሰው የሚኖርበትንም ቤት ይነካል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከተማው በዓመቱ ያልሰበሰበውን ውዝፍ ለካውንቲው ያስተላልፋል። ዲትሮይት የምትገኝበት ዌይን ካውንቲ ተበድሮ ለከተማው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍለዋል፤ ከዚያም ከባለዕዳው ግብሩን፣ ወለዱንና ልዩ ልዩ ክፍያዎችን ይሰበስባል። ወለዱ መጀመሪያ በወር 1 በመቶ ሲሆን ቆይቶ 1.5 በመቶ፣ ማለትም በዓመት 18 በመቶ ይሆናል። የተወረሰው ቤት በመጀመሪያው ሐራጅ የዕዳውን ልክ መነሻ አድርጎ ይቀርባል፤ ገዢ ካጣ በሁለተኛው ሐራጅ መነሻው 500 ዶላር ነበር። ከውዝፉ የሚገኘው ወለድና ክፍያ ለካውንቲው ካዝና ዋና የገቢ ምንጭ እየሆነ መጣ። የድሃ ሰው መዘግየት የሚያተርፈው መሥሪያ ቤት ለዚያ ሰው ጊዜ ለመስጠት የሚያነሳሳው ምክንያት አነስተኛ ነው።

ከ2007 በኋላ የቤት ብድር ቀውስ ሲመጣ በዲትሮይት የቤት ዋጋ ወደቀ፤ በብዙ ሰፈሮች ቤት በጥቂት ሺህ ዶላር ይሸጥ ጀመር። ለግብር የሚያዘው ግምት ግን በዚያው ፍጥነት አልወረደም። የከተማው ግምት ክፍል የሰው ኃይል ተመናምኖበት ነበር፤ ቤቶችንም አንድ በአንድ ዳግም ከገመተ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በገበያ 12,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት በሕጉ መሠረት ከ6,000 ዶላር በላይ ሊገመት አይገባውም፤ በ67 ዶላር መጣኔ ዓመታዊ ግብሩ 402 ዶላር ነው። ያው ቤት በአሮጌው መዝገብ 25,000 ዶላር ተብሎ ከተያዘ ባለቤቱ 1,675 ዶላር ይጠየቃል። በሦስት ዓመት ውስጥ ወለድና ክፍያ ሲታከልበት ዕዳው የቤቱን ግማሽ ዋጋ ያልፋል። በሕግ አቤት ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አቤቱታ የሚቀርበው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር፤ አብዛኛውም ነዋሪ ይህን አያውቅም።

የከተማዋ ጋዜጣ ዲትሮይት ኒውስ በ2013 ባወጣው ምርመራ ከይዞታዎቹ 47 በመቶ ያህሉ የ2011ን ግብር እንዳልከፈሉ ተገለጠ። ያልተሰበሰበው ግብርና ክፍያ 246.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ77 የመኖሪያ ብሎኮች በእያንዳንዳቸው ግብሩን የከፈለው አንድ ባለቤት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያ አንድ ከፋይ ምሬቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት አይከብድም፤ በወቅቱ የሚከፍለው እሱ ነው፣ በጨለማ መንገድ የሚሄደውም አምቡላንስ ደውሎ የሚጠብቀውም እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ መጣኔው አይቀንስለትም። ካልከፈሉት ውስጥ ደግሞ ጡረተኛም፣ በባንክ ስም የተያዘ ባዶ ቤትም፣ ኪራይ እየሰበሰበ ግብሩን ሆነ ብሎ የሚያዘገይ አከራይም ነበሩ። እነዚህን በአንድ መዝገብ «ባለዕዳ» ብሎ መደርደሩ ከፋዩንና አቅም ያጣውን ጎረቤት እርስ በርስ አቃቃረ፤ ግምቱን ያላስተካከለውን ክፍል ግን ለረጅም ጊዜ ከተጠያቂነት ሰወረው።

ሐራጁ ዓመት በዓመት ሰፋ። ከ2002 ወዲህ ባሉት አንድ ተኩል አሥርት ዓመታት ከዲትሮይት ይዞታዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በግብር ዕዳ ተወርሰዋል። ሐራጁ በኢንተርኔት ሲሆን ከሌላ ግዛትና ከውጭ አገር ያሉ ገዢዎች ቤቶቹን ሳያዩ በጅምላ ይገዙ ጀመር። አንዳንዶቹ ለቀድሞው ባለቤት መልሰው አከራዩት፤ ራሳቸው ግን ግብሩን አልከፈሉም። ሦስት ዓመት ኪራይ ከሰበሰቡ በኋላ ቤቱ ዳግም ተወረሰ። በዚህም ባዶ ቤትን ለማጥፋት የወጣው ሕግ ባዶ ቤት የሚያፈራ ሆነ።

በ2013 ግዛቱ ኬቪን ኦር የተባሉ የአስቸኳይ ጊዜ አስተዳዳሪ ሾመ፤ ዲትሮይትም በጁላይ 18 ቀን 18 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በሚገመት ዕዳ መክሰሯን ለፍርድ ቤት አሳወቀች። በ2014 መጀመሪያ ሥልጣን የያዙት ከንቲባ ማይክ ደጋን የብዙ ሰፈሮችን ግምት ከ5 እስከ 20 በመቶ ቀነሱ። ቤቶቹን አንድ በአንድ የመገመቱ ሥራ በ2017 ተጠናቀቀ፤ ይህን ያህል የተሟላ ግምገማ ሲደረግ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የመጀመሪያው ነበር።

የሕግ ምሁሯ ቤርናዴት አቱሄኔና የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ቲሞቲ ሆጅ በ2018 ባሳተሙት ጥናት ከ2009 እስከ 2015 በየዓመቱ ከ55 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት የዲትሮይት ቤቶች ከሕገ መንግሥቱ ገደብ በላይ መገመታቸውን አሳዩ። ዲትሮይት ኒውስም በ2020 ነዋሪዎቹ ከ2010 እስከ 2016 ቢያንስ 600 ሚሊዮን ዶላር ያለአግባብ እንደተጠየቁ አሰላ። ከዚህ በኋላ ውዝፉን የዜጎች ግዴለሽነት ብቻ ብሎ መግለጽ አይቻልም። ዕዳው በከፊል የተፈጠረው ግምቱ በተሠራበት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ሌላው ግፍ የደረሰው ለድሆች በግዛቱ ሕግ በተፈቀደው የግብር ነፃነት አሰጣጥ ላይ ነው። ማመልከቻው አስቸጋሪ ስለነበረና በየዓመቱ መታደስ ስለነበረበት መክፈል ያልነበረባቸው ሰዎች ባለመክፈላቸው ቤታቸውን አጡ። የዜጎች መብት ድርጅቶች በ2016 ከሰሱ፤ በ2018 በተደረሰው ስምምነት ከተማው ማመልከቻውን አቃለለ፣ ለነፃነቱ ብቁ የነበሩ የተወሰኑ ባለቤቶችም ቤታቸውን በ1,000 ዶላር መልሰው እንዲገዙ ተፈቀደላቸው። በ2020 የወጣ ሕግ ደግሞ ነፃነቱን ላገኙ ሰዎች በውዝፉ ላይ የተጠራቀመውን ወለድና ክፍያ ሰርዞ ቀሪውን በሦስት ዓመት ከፍለው እንዲጨርሱ ፈቀደ።

ፍርድ ቤቶቹም ዘግይተው ደረሱ። በአጎራባቹ ኦክላንድ ካውንቲ 8 ዶላር ከ41 ሳንቲም ግብር የቀረበት ሰው ቤቱ በ24,500 ዶላር ተሸጦ ትርፉን ሁሉ ካውንቲው ወስዶት ነበር። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ከዕዳው የሚተርፈው ገንዘብ የባለቤቱ ነው ሲል ወሰነ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2023 ከሚኒሶታ በመጣ ጉዳይ ላይ በሙሉ ድምፅ ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጠ።

ያለአግባብ የተከፈለው ግብር ግን ለዲትሮይት ነዋሪዎች በገንዘብ አልተመለሰም። የከንቲባው መሥሪያ ቤት ተመላሹ አሁን ባሉት ግብር ከፋዮች ላይ ይወድቃል ሲል ተከራከረ። በ2020 መጨረሻ በገንዘብ ፋንታ በቅናሽ ቤትና በሥራ ቅድሚያ ለመካስ ያቀረበውን የ6 ሚሊዮን ዶላር ዕቅድ የከተማው ምክር ቤት አነሰ ብሎ ጣለው። በ2023 ደግሞ ከንቲባው በሕንፃ ላይ ያለውን ግብር ቀንሶ በባዶ መሬት ላይ የሚያበዛ ሐሳብ አቀረቡ። ዓላማው ባለቤቱ የሚኖርበት ቤት በአማካይ 17 በመቶ እንዲቀነስለትና መሬት ይዘው ዋጋ የሚጠብቁት ነጋዴዎች እንዲከፍሉ ነበር። የቤት ግብር የከተማ ገቢ ቢሆንም ሕጉን የሚያወጣው ግዛቱ ስለሆነ ሐሳቡ የሚሺጋንን ሕግ አውጪ ምክር ቤት ይሁንታ ይሻ ነበር፤ በዚያው ዓመት በቂ ድጋፍ ሳያገኝ ቀረ።