ሐኪሙና የቤቱ ደጃፍ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ብሂል ወቀሳውን በሕመምተኛው ላይ ብቻ ይጥላል። የሕክምና ታሪክ ሲመረመር ግን የተደበቀው በሽታ ብቻ እንዳልነበረ ይታያል። መድኃኒቱም ተሸሽጎ፣ ሐኪሙም ከሕመምተኛው ደጃፍ ርቆ የቆየበት ዘመን ረጅም ነው።

በቀድሞው ዘመን የቤተሰብ ሐኪም ከተባለ ወጌሻው፣ የልምድ አዋላጇና መድኃኒት አዋቂው ነበሩ። እነዚህ ሰዎች የሚያክሙትን ቤት ከነጓዳው ያውቁታል። የትኛዋ እናት ስንት ልጅ እንደቀበረች፣ የማን ጎተራ መቼ እንደጎደለ አይጠይቁም፤ አብረው ኖረውታልና። ይሁን እንጂ መድኃኒት አዋቂው የሥሩንና የቅጠሉን ስም እንደ ርስት ይጠብቀው ነበር። በብራና የሠፈረውም ቢሆን ከጥቂት የቤተ ክህነት ሊቃውንት እጅ አልወጣም። አዋቂው ለሚወደው ልጁ ሳይነግር ከሞተ ጥበቡም አብሮት ይቀበራል። ዕውቀቱ በግልጽ ወጥቶ ባለመፈተኑም የሚያድነው ከሚጎዳው ሳይለይ ኖረ፤ አንዱ የተሰበረ አጥንት ሲጠግን፣ ሌላው የሕፃናትን እንጥል እየቆረጠ ደም ያፈስስ ነበር።

ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገቡ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከፈተ። በመጽሐፍ የተጻፈና በትምህርት የሚሰጥ ሕክምና መምጣቱ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ሆስፒታሉ የከተማ ነው። የገጠሩ ሕመምተኛ በቃሬዛ ቀናት ተጉዞ ቢደርስ እንኳ የሚጠብቀው በአስተርጓሚ የሚጠይቀው የባዕድ አገር ሐኪም ነበር። መድኃኒቱ ተገለጠ፤ ቤቱ ግን ተረሳ።

የዚህን ርቀት ዋጋ በግልጽ ያሳየው በ1946 ዓ.ም. ግድም በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ነው። ያለቀው ሰው 7000 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጣቢያ ተቋቋመ። በዚያም ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በአንድ ቡድን እንዲሠሩ ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያዎች ወጡ።

የቡድኑ ተግባር የመጣውን በሽተኛ ማከም ብቻ አልነበረም፤ ወደ ቤቱ መሄድም ነበር። እዚህ ላይ ብሂሉ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ጭስ የሞላበትን ጎጆ፣ ከከብት ጋር የሚያድረውን ሕፃን፣ ክዳን የሌለውን እንስራ ማንም አልደበቃቸውም። በሽታ ያመጣሉ ብሎ ስለማይጠረጥር ግን ባለቤቱ ለሐኪም አይናገራቸውም። ሄዶ ያላየ ሐኪም የልጁን ሳል ያክማል፤ ልጁ ግን ወደዚያው ጭስ ይመለሳል።

በ1970 ዓ.ም. ግድም ኮሌጁ ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ኮሌጅ ሆነ። ሐኪም እጅግ ላነሳት አገር ይህ አስፈላጊ ነበር። ሆኖም የጤና መኮንኖች ሥልጠና ለዓመታት መቋረጡ ወደ ደጃፍ የሚወስደውን መንገድ አቀጠነው።

መንገዱ እንደገና የሰፋው በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30000 በላይ ደረሰ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ተጀመረ፤ ዓላማውም ሕፃኑንም አዛውንቱንም በአንድነት የሚከታተል ሐኪም ማፍራት ነው።

እንግዲህ የታሪኩ ትምህርት ግልጽ ነው። የቀድሞው አዋቂ ቤቱን አውቆ መድኃኒቱን ደበቀ፤ ሆስፒታሉ መድኃኒቱን ገልጦ ቤቱን ሳያውቅ ቀረ። የቤተሰብ ሕክምና የሚፈጸመው ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ነው። መምህሩ በክፍሉ፣ ከያኒውም በመድረኩ ሊያነሣው የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ሕመምተኛው በሽታውን እንዳይደብቅ ከመገሠጽ በፊት፣ የሚያየው ሐኪም ደጃፉን የሚያውቅ መሆኑን መጠየቅ ይቀድማል።