ወርቃማው አጥርና ሰንሰሉ

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ ከጀርመን ፎቶ ላከልኝ። የሰው ግቢ በር ላይ የበቀለ፣ ቅጠሉ ወርቅ የመሰለ ቁጥቋጦ ነው። «ቲቸር፣ ይሄ እኛ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው አይደል?» ይላል። ናፍቆት መሆኑ ገብቶኛል። መልሱን በውስጥ መስመር ጀመርኩትና ሲረዝምብኝ እዚህ አመጣሁት።

አይደለም ወንድሜ። አንተ ያየኸው ሳምቡከስ የሚባለው ነው፤ እዚያ ያሉት ሆሉንደር ይሉታል። ቅጠሉን ልብ ብለህ እየው፤ አንድ ዘንግ ላይ አምስትም ሰባትም ሆኖ ተደርድሮ ነው የሚወጣ፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ነው። የኛው ዱራንታ ነው። ቅጠሉ ትንንሽ፣ ነጠላ ነጠላውን የሚወጣ። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም። የሚያመሳስላቸው የወርቁ ታሪክ ነው። በተፈጥሯቸው ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ተክል ላይ አረንጓዴ ቀለሙ ያነሰ ቅርንጫፍ ይወጣል፤ ዓይን ያለው አትክልተኛ ያየዋል፣ ይቆርጠዋል፣ ይተክለዋል። ከዚያ ወዲያ በቁራጭ ነው የሚባዛ፤ በዘር ላብቅለው ካልክ አረንጓዴው አያቱ ሊመጣብህ ይችላል። እንግዲህ እኛ በር ላይ ያለው ዱራንታ አንድ ሰው አንድ ቦታ የቆረጠው ቅርንጫፍ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲቆራረጥ ወረታ የደረሰ ነው። የታሪክ መምህር ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ይሄ ነገር በጣም ነው የሚገርመኝ።

የዱራንታ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ከሜክሲኮና ከካሪቢያን ደሴቶች ጀምሮ ወደ ደቡብ። ስሙን ያገኘው ካስቶሬ ዱራንቴ ከሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊ ሐኪም ሲሆን፣ ሊኒየስም እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው ትልቁ የዕፅዋት መጽሐፉ አስገብቶታል። ዛሬ ባንኩ፣ ሆቴሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በሱ ነው የሚያጥረው። ተከርክሞ ሲያዩት ደስ ይላል፣ አይካድም።

ከሱ በፊት አጥራችን ምን ነበር? ሰንሰል ነዋ! ስሚዛም የምትሉት አላችሁ። ቆርጠህ መሬት ላይ ብትሰካው ይጸድቃል፣ ነጭ አበባውን ንብ አትለቀውም። አሁን አንተ ያለህበትን አገር የሚመለከት ነገር ልንገርህ። የሰንሰል ሳይንሳዊ ስም ጀስቲሺያ ሺምፔሪያና ነው። ሺምፐር ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1837 አገራችን ገብቶ እዚሁ ኖሮ፣ በ1878 አድዋ ላይ ነው የሞተው። ከሱ በፊትም ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ የኛን ዋጊኖስ ወደ አውሮፓ ወስዶ በስሙ አስጠርቶታል። ዕፅዋቱ አገር ቤት ቀሩ፣ ስማቸው ግን የእንግዳ ሆነ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት ቤቴ ዙሪያ የነበረውን የሰንሰል አጥር ነቅዬ ዱራንታ ተከልኩ። ማን አስገደደኝ? ማንም። ቢሮ በር ላይ ሳየው አማረኝ፣ በቃ። እናቴ «ልጄ፣ ምን በደለህ?» ብላኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ይሄ ዘመናዊ ነው እማዬ» አልኳት። ዘመናዊው በየወሩ መቀስ ይፈልጋል። ሲከረከም ደግሞ አበባ ለማውጣት ጊዜ አያገኝም፣ ስለዚህ ለንብ የሚተርፈው ነገር የለም። ጎረቤቴ ሁለት ቀፎ አላቸው። አንድም ቀን በቃል አልወቀሱኝም፣ ብቻ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው ያዩታል። ከወቀሳ ይብሳል!

ከባሕር ማዶ የመጣ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ባሕር ዛፍን በ1880ዎቹ በምኒልክ ዘመን ያስመጣነው የማገዶ ችግር አስጨንቆን ነው፣ ዛሬ ቤታችንም ማገዷችንም እሱ ነው። ሩዛችን ራሱ በደርግ ጊዜ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣ እንግዳ ነው፤ ጅግና ላይ ተሞክሮ፣ «ኤክስ ጅግና» ተብሎ የቀበሌያችንን ስም ይዟል። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ሌላው ሰብል ይጠፋ ነበር፣ እሱ ግን ውሃው ተስማማው። ዛሬ ፎገራ ሲባል ሰው አእምሮ ውስጥ ከከብቱ እኩል ሩዙ ነው የሚመጣ።

እምቦጭስ? እሱም ከደቡብ አሜሪካ ነው፤ ዓለምን የዞረውም ለሐምራዊ አበባው ሲባል፣ ጌጥ ተብሎ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቆቃ ላይ ታየ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ያለውን የፎገራ ልጆች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ስንቶቻችን ነን እስከ ጉልበታችን ውሃ ገብተን በእጃችን የነቀልነው! የአንዳንዶቻችሁ አባቶች ዓሣ የሚያወጡበት፣ ከብት የሚያሰማሩበት ዳርቻ ነበር።

ዱራንታ እንደ እምቦጭ ነው አልልም። እኛ ጋ እስካሁን አጥር ሆኖ ነው የተቀመጠው፤ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ግን ከጓሮ አምልጦ እንደ አረም የሚቆጠርበት ቦታ አለ። አንድ ነገር ግን ለወላጆች፦ ሳይከረከም ከቀረ ብርቱካንማ ፍሬ ያንጠለጥላል። ያምራል፣ ግን መርዝ ነው። ልጆች እንዳይቀምሱት።

አልነቅለውም ለምትሉ ደግሞ፦ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ስጡት፣ ጥላ ውስጥ ወርቁ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። የኛ ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ስለሚያቁር መደቡን ከፍ አድርጉት፣ አለበለዚያ ሥሩ ይበሰብሳል። መሐል ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ካወጣ ከሥሩ ቁረጡት፤ ካልቆረጣችሁት ጉልበተኛው እሱ ነው፣ ወርቁን ይውጠዋል።

እኔ በር በሩን ዱራንታውን ትቼ፣ በጎረቤቴ በኩል ያለውን በሰኔ ነቅዬ ሰንሰል ልመልስ ነው። ለእማዬ ነግሬያታለሁ፣ ሳቀች ብቻ። ችግሩ፣ ሰፈሩን ዞሬ ሰንሰል አጣሁ። ሁሉም እንደኔ ነቅሎታል። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ፣ ክንድ ክንድ የሚያህል ሃያ ሠላሳ ቁራጭ ብታመጡልኝ ቡናው በኔ ነው። በውስጥ መስመር አናግሩኝ።