የወተት ጥርስ ነርቭ ሕክምና

የወተት ጥርስ ነርቭ ሕክምና በመቦርቦር ወይም በአደጋ ምክንያት የሕፃን ጥርስ ውስጠኛ ለስላሳ ክፍል ሲጎዳ ወይም ሲመረቅዝ፣ ጥርሱ በተፈጥሮ እስኪወልቅ ድረስ ያለ ሕመም በቦታው እንዲቆይ የሚሰጥ ሕክምና ነው። ይህ ክፍል በሙያው ፐልፕ ሲባል፣ ደም ሥሮችንና ነርቮችን ስለሚይዝ ብዙ ሰው በአጭሩ ነርቭ ይለዋል። የሕክምናው ዓይነት የሚወሰነው ፐልፑ ምን ያህል እንደተጎዳ ታይቶ ነው፤ በስስ የመከላከያ ሽፋን ከመሸፈን አንሥቶ ፐልፑን ከነሥሩ እስከ ማውጣት ይደርሳል።

አስፈላጊነቱ

የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። ከ6 ወር ገደማ ጀምረው ይበቅላሉ፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ይወልቃሉ። «ለሚወልቅ ጥርስ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚለው የወላጆች ጥያቄ ለፊት ጥርሶች በከፊል ያስኬዳል። ለመንጋጋዎቹ ግን አያስኬድም። ሁለተኛው የወተት መንጋጋ እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ይቆያል። ከጀርባው በ6 ዓመት ገደማ የሚወጣው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋም ቦታውን የሚይዘው በእርሱ ተደግፎ ነው። የወተቱ መንጋጋ ያለጊዜው ከተነቀለ ቋሚው ወደ ፊት ይንሸራተትና ከሥር ለሚመጣው ጥርስ የተተወውን ቦታ ያጠብበታል።

አፈጣጠርና የመግል መንገድ

የወተት ጥርስ ጠንካራ የላይኛ ሽፋን (ኢናሜል) እና ከሥሩ ያለው ክፍል (ዴንቲን) ከቋሚው ጥርስ ይልቅ ስስ ናቸው። ፐልፑ በአንጻሩ ከጥርሱ መጠን ጋር ሲመዛዘን ሰፊ ነው፤ በመንጋጋዎቹ ላይ በተለይ የፊተኛው ቀንዱ ወደ ላይ ተጠግቶ ይገኛል። ስለዚህ ከውጭ ሲታይ ትንሽ የሚመስል ቀዳዳ ከነርቩ ደርሶ ሊገኝ ይችላል።

ኢንፌክሽኑ የሚሄድበት መንገድም የተለየ ነው። በቋሚ ጥርስ መግል ብዙውን ጊዜ የሚጠራቀመው ከሥሩ ጫፍ ነው። በወተት መንጋጋ ግን የፐልፑ ክፍል ወለል ስስ ስለሆነና ጥቃቅን ተጨማሪ ቦዮች ስላሉት፣ ኢንፌክሽኑ ሥሮቹ ከሚለያዩበት ስፍራ ወዳለው አጥንት ይወርዳል። ሐኪሙ ራጁን ሲያይ አስቀድሞ ዓይኑን በሥሮቹ መካከል የሚያሳርፈው ለዚህ ነው። በዚያው ስፍራ የቋሚው ጥርስ እንቡጥ አለ። ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ ኢንፌክሽን የእንቡጡን ኢናሜል ሊያበላሽ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት ነጭ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ይዞ፣ አንዳንዴም ተሸርሽሮ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስ የተርነር ጥርስ ይባላል።

ምርመራ

ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ሲነካው ብቻ የሚያም፣ ምክንያቱ ሲወገድም የሚተው ሕመም ፐልፑ ገና ሊድን እንደሚችል ያመለክታል። ያለምክንያት የሚነሣና ልጁን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ጉዳቱ ወደ ሥሩ መዝለቁን ያስጠረጥራል። ትንሽ ልጅ ሕመሙን በትክክል ስለማይገልጽ፣ «ሌሊት ይነሣል? ማስታገሻ ሰጥታችሁታል?» ተብሎ እናት ወይም አባት የሚጠየቁት ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከልጁ መልስ የበለጠ ይረዳል። በድድ ላይ የሚወጣ ብጉር መሰል የመግል እብጠትና ከዕድሜው ቀድሞ የሚነቃነቅ ጥርስ ፐልፑ ለመሞቱ ምልክቶች ናቸው። ለቋሚ ጥርስ የሚያገለግሉት የኤሌክትሪክና የቅዝቃዜ ፍተሻዎች በወተት ጥርስ ላይ እምብዛም አይታመኑም።

የሕክምናው ዓይነቶች

ፐልፑ ሕያው ሆኖ መቦርቦሩ ሲቀርበው፣ የመጨረሻው ስስ የበሰበሰ ሽፋን ሳይነካ ይተውና ጥርሱ በላዩ ላይ በደንብ ይታሸጋል። ምግብ ያጡት ባክቴሪያዎች ይዳከማሉ፤ ፐልፑም ራሱን ለመከላከል አዲስ ዴንቲን ይሠራል። የበሰበሰውን ሁሉ ጠርጎ ማውጣት ግዴታ ነው ብለው ለተማሩ ሐኪሞች ይህ አሠራር በቀላሉ የሚዋጥ አልነበረም።

በቁፋሮ ጊዜ ፐልፑ ከተገለጠ በብዛት የሚሠራው ፐልፖቶሚ ነው። በማደንዘዣ፣ ከድድ በላይ በሚታየው የጥርሱ አካል (በዘውዱ) ውስጥ ያለው የፐልፑ ክፍል ተቆርጦ ይወጣል፤ በሥሮቹ ያለው ይቀራል። እርጥብ ጥጥ ለጥቂት ደቂቃ ተጭኖበት ደሙ ከቆመ የቀረው ፐልፕ ጤነኛ ነው ተብሎ ይገመታልና መድኃኒት ተደርጎበት ይታሸጋል። ደሙ ጠቆር ብሎ አልቆም ካለ ወይም ፐልፑ ሞቶ ከተገኘ ፐልፔክቶሚ ይከተላል፤ የሥሮቹ ቦዮች ተጠርገው ይሞላሉ። የሚሞላው ነገር ከጥርሱ ሥር ጋር አብሮ መሟሟት ስላለበት ዚንክ ኦክሳይድ ከዩጂኖል ጋር ወይም የአዮዶፎርም ቅባት ይመረጣል። ለአዋቂዎች የሚያገለግለው ጉታ ፐርካ የማይሟሟ በመሆኑ፣ ተተኪ ቋሚ ጥርስ ላለው የወተት ጥርስ አይሆንም።

በጃፓን ኒጋታ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሌላ ዘዴ ቦዮቹን ሳይጠርግ ሦስት አንቲባዮቲኮችን፣ ማለትም ሜትሮኒዳዞል፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሚኖሳይክሊንን፣ ቀላቅሎ በፐልፑ ክፍል ያስቀምጣል። ሚኖሳይክሊን የቴትራሳይክሊን ዘር በመሆኑና ጥርስ ስለሚያቀልም በሌላ መድኃኒት እንዲተካ የሚመክሩ አሉ።

የፎርሞክሬሶል ክርክር

በዚህ ሕክምና ታሪክ እንደ ፎርሞክሬሶል ብዙ ቀለም ያፈሰሰ ነገር የለም። አሜሪካዊው ጆን በክሌይ እ.ኤ.አ. በ1904 ፎርማሊንና ትራይክሬሶልን እኩል ቀላቅሎ ያቀረበው ለሞተ የቋሚ ጥርስ ፐልፕ ነበር። ወደ ወተት ጥርስ ፐልፖቶሚ ያመጣው ቻርልስ ስዊት ነው፤ ዘመኑም 1930 እንደሆነ ይጠቀሳል። በስዊት አሠራር ልጁ ደጋግሞ መመላለስ ነበረበት። ቆይቶ ምልልሱ እየቀነሰ ሄዶ በ1960ዎቹ መጨረሻ መድኃኒቱን ለ5 ደቂቃ ብቻ አድርጎ በአንድ ቀጠሮ መጨረስ ተለመደ። ወደ አንድ አምስተኛ አቅጥኖ መጠቀምም ተከተለ። መድኃኒቱ የሚሠራው ፐልፑን በማዳን አይደለም፤ የነካውን ክፍል አድርቆና ባክቴሪያውን ገድሎ እንዳይበሰብስ በማድረግ ነው።

በመድኃኒቱ ላይ ጥርጣሬ የመጣው በፎርማሊኑ ውስጥ ካለው ፎርማልዴሃይድ ነው። በ1978 የታተመ በዝንጀሮዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በፐልፖቶሚ የተጨመረ ፎርማልዴሃይድ ወደ ሰውነት እንደሚሰራጭ አሳየ። በ2004 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዴሃይድን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ምድብ ሲያስገባው ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አማራጭ ፍለጋ ጀመሩ። የፎርሞክሬሶል ደጋፊዎች ግን ምደባው የተመሠረተው በተለይ በሥራ ቦታ ለረጅም ጊዜ በሚተነፍሱት ሠራተኞች ላይ እንደሆነ፣ በአንድ ጥርስ የሚቀመጠው መጠን እጅግ ጥቂት እንደሆነና ሰውነትም ራሱ ፎርማልዴሃይድ እንደሚያመነጭ ያስታውሳሉ። በ2008 የታተመ የልጆች ደም ምርመራም ከሕክምናው በኋላ ከተለመደው የበለጠ መጠን አላገኘም። የአሜሪካ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና አካዳሚ በ2017 ባወጣው መመሪያ ፎርሞክሬሶልን ቀጥሎ ከሚብራራው ኤም ቲ ኤ ከተባለ መድኃኒት ጋር አብሮ በጽኑ ደግፎታል። በዚያው መመሪያ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ለፐልፖቶሚ አልተመከረም፤ በወተት ጥርስ ውስጥ ሥሩን ከውስጥ የመብላት ችግር ያስከትላል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታማ ነበር።

ኤም ቲ ኤ በካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ ዩኒቨርሲቲ በማሕሙድ ቶራቢነጃድና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ ነው። ከሞላ ጎደል የግንባታው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ነው፤ በራጅ እንዲታይ ቢስሙዝ ኦክሳይድ ተጨምሮበታል። ከሕያው ፐልፕ ጋር ይስማማል፤ ዋጋው መወደዱና በተለይ የመጀመሪያው ግራጫ ዓይነት ጥርስን ማጥቆሩ ይነሣበታል። ሌላው አማራጭ ፈሪክ ሰልፌት ርካሽ ሲሆን ደሙን ያቆማል እንጂ ፐልፑን አያደርቅም። ይሁንና ምርመራው ከተሳሳተ ወይም ማሸጊያው ካፈሰሰ ከእነዚህ የትኛውም መድኃኒት ጥርሱን ያድናል ለማለት ያስቸግራል።

ከሕክምናው በኋላ

ነርቩ የታከመ መንጋጋ ስለሚሰበር ተመራጩ መሸፈኛ በ1950 ሃምፍሪ በተባለ የጥርስ ሐኪም የተዋወቀው ዝግጁ የብረት ክራውን ነው። ልጁ በየጊዜው በራጅ ይታያል።

የማይደረግበት ሁኔታ

ሥሩ አብዛኛው የሟሟ ወይም ሊጠገን የማይችል ጥርስ ይነቀላል። ለልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን በእጅጉ የተጋለጠ ልጅ ፐልፑ የሞተ ጥርስ ካለውም ብዙዎች መንቀልን ይመርጣሉ።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የቁርጥማት ልብ ሕመም በልጆች ዘንድ በስፋት ስለሚታይ ለልብ ኢንፌክሽን ስለተጋለጡ ልጆች ከላይ የተጠቀሰው ጥንቃቄ ተገቢነት አለው። ተቅማጥና ትኩሳት ያመጣል በሚል የሕፃናትን ያልበቀለ የክራንቻ እንቡጥ በስለት የማውጣት ልማድ ከነርቭ ሕክምና ጋር ባይገናኝም አንዳንዴ በአንድነት ይነሣል። ድርጊቱ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ተብሎ የተፈረጀ ሲሆን፣ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ከማስከተሉ በላይ ቋሚው ክራንቻ ቅርጹ ተበላሽቶ እንዲበቅል ወይም ጨርሶ እንዳይበቅል ሊያደርግ ይችላል።