ለድሃ የቆመው የመጀመሪያው ሱፐርማን

እ.ኤ.አ. በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» የተባለው የሥዕል መጽሔት በመጀመሪያ ዕትሙ ይዞት የወጣው ሱፐርማን መብረር አይችልም ነበር። በአንድ ዝላይ 200 ሜትር ያህል ይሻገራል፣ መኪና አንሥቶ ይፈጠፍጣል፤ የሚፈነዳ የመድፍ ጥይት ግን ቆዳውን ሊበሳው ይችላል። የሚፋለመውም ከሌላ ዓለም ከመጣ ፍጡር ጋር ሳይሆን ሚስቱን ከሚደበድብ ባልና ከጦርነት ከሚያተርፍ የመሣሪያ አምራች ጋር ነበር።

በሦስተኛው ዕትም የማዕድን ሠራተኛ መስሎ ጉድጓድ ይወርዳል። ባለሀብቱ ድግስ ላይ ነው፤ ከታች ግን የአደጋ መከላከያው አይሠራም። ባለሀብቱ እንግዶቹን የክት ልብሳቸውን እንደለበሱ ጉድጓዱን ሊያስጎበኝ ሲያወርዳቸው ሱፐርማን መውጫውን ይንድባቸዋል። የማስጠንቀቂያው ደወል ዝም ይላል። ያኔ ጌታው ሠራተኞቹ ዕለት ዕለት የሚኖሩበትን ፍርሃት በራሱ ላይ ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው የማዕድን ጉድጓዱን ለማሻሻል ቃል የሚገባው። በስምንተኛው ዕትም ደግሞ ነዋሪዎቹን አስወጥቶ የድሆችን የፈራረሰ ሰፈር ያፈርሳል፤ መንግሥትም በቦታው አዲስ ቤት ይሠራል። ፖሊስ ያሳድደው ነበር።

ይህ ቁጣ ከየት መጣ? ደራሲው ጄሪ ሲገልና ሠዓሊው ጆ ሹስተር የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። የተገናኙት ክሊቭላንድ ውስጥ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። የሲገል አባት በ1932 ሱቃቸው ሲዘረፍ ሞተዋል።

ከ1940 ጀምሮ አዘጋጆቹ ጀግናውን ገሩት፤ እንዳይገድል ከለከሉት። በ1954 የወጣው የኮሚክስ ደንብ ፖሊስን፣ ዳኛንና ባለሥልጣንን የሚያስንቅ ታሪክ እንዳይታተም አገደ። በዚህ መካከል ሱፐርማን መብረር ጀመረ፣ ፕላኔት እስከ መግፋትም ደረሰ። ጡንቻው በጨመረ ቁጥር ወኔው ቀነሰ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የማዕድኑን ባለቤት የሚነካው ጠፋ።

በ1986 ደራሲና ሠዓሊው ጆን በርን ታሪኩን እንደገና ሲጽፈው ኃይሉን ቀነሰለት፤ እብድ ሳይንቲስት የነበረውን የሱፐርማን ጠላት ሌክስ ሉተርንም ከበርቴ አደረገው። ለእኔ ከኋለኞቹ ሁሉ ለ1938ቱ የሚቀርበው ይህ ነው። ሆኖም የበርን ሱፐርማን ሕግ አክባሪ ነው፤ የፊተኛው ሕጉ ራሱ ለማን እንደሚያደላ ይጠይቅ ነበር።

ለድሃ የሚቆመውን ጀግና የፈጠሩት ሲገልና ሹስተር ራሳቸው የሱፐርማንን መብት የሸጡት በ130 ዶላር ነው። አሳታሚው ስማቸውን በታሪኩ ላይ የመለሰላቸውና በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ የቆረጠላቸው በ1975 ሲሆን፣ ሁለቱም ያኔ 61 ዓመታቸው ነበር።