ከሼፊልድ ምድጃ እስከ ቀላሉ ብረት

ካርቦን ያለውን ብረት አግሎ ውሃ ውስጥ መንከር ያጠነክረዋል፤ ተሰባሪም ያደርገዋል። ይህን አንጥረኛ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1882 ሮበርት ሃድፊልድ በእንግሊዟ ሼፊልድ ያገኘው ብረት ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። 12 በመቶ ያህል ማንጋኒዝና ከ1 በመቶ ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን ያለበት ይህ ቅይጥ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ካርቦኑ ከብረቱና ከማንጋኒዙ ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ቅንጣቶች ወሰን ላይ ይጋገራል፤ ስንጥቅም ያንን ወሰን ተከትሎ ይሄዳል። ያንኑ ብረት 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አግለው ወዲያው ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ግን ካርቦኑ ሟሙቶ እንደተሰራጨ ይቀራል፤ ብረቱ ሳይሰበር ይታጠፋል፤ በተመታ ቁጥርም ላዩ ይጠነክራል። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የቅይጥ ታሪክ ሆኖ ይነገራል፤ ለእኔ ግን ከቅይጡ ይልቅ የምድጃውና የውሃው ታሪክ ነው።

ከ1915 መጨረሻ ጀምሮ ለእንግሊዝ ወታደሮች የቀረበው የብሮዲ የብረት ቆብ ለዚህ ማስረጃ ነው። ከዚሁ ብረት የተሠራ ስስ ዝርግ በመጭመቂያ ማሽን ተጎድጉዶ ቆብ ይሆን ነበር፤ ውሃው ባይኖር ዝርጉ ማሽኑ ሥር በተሰነጠቀ። ማንጋኒዙ ከሌለ ውሃው ምን ይፈይዳል? የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ያለ ማንጋኒዝ ተራ ተሰባሪ ብረት ነው የሚወጣው። ነገር ግን አንዱ ቅይጥ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ካሳየ፣ ልዩነቱን ያመጣው አቀዛቀዙ እንጂ ቅይጡ ሊሆን አይችልም።

በኋላ በዚህ ዓይነት ብረት ላይ አሉሚኒየም ሲጨመር ክርክሩ ጠበቀ። 10 በመቶ አሉሚኒየም የገባበት ብረት አንድ ሊትር የሚያህለው ከ7.8 ኪሎ ወደ 6.8 ገደማ ይወርዳል፤ ይህን ክብደት የቀነሰው አሉሚኒየሙ ነው፣ እሳቱ ምንም ድርሻ የለውም። ጥንካሬው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግሎ ውሃ ውስጥ የተነከረው ብረት እንደ ልብ ይታጠፋል። ያንኑ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ሲያቆዩት የብረት፣ የአሉሚኒየምና የካርቦን ውሕድ በደቃቃው በቅንጣቶቹ ውስጥ ይበተናል፤ ጥንካሬው ይጨምራል፣ መታጠፉ ይቀንሳል። ከልክ ካለፈም ውሕዱ እየገዘፈ ወሰኑ ላይ ይከማቻል፤ የሃድፊልድ ብረት በተሰነጠቀበት በዚያው ቦታ። ስለዚህ መጀመሪያ ቅርጽ ማውጣት፣ ከዚያ ማጠንከር ይሻላል፤ ችግሩ ቀላሉን ብረት የሚፈልግ መኪና ፋብሪካ ለእያንዳንዱ በር ሰዓታት ለሚፈጅ ሁለተኛ ምድጃ ለመክፈል አለመጓጓቱ ነው።