የእሹሩሩ ባለቤት ማን ናት?

ልጆቻችን ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለሱ ስለ ሜሪና ስለ በጓ በእንግሊዝኛ ይዘምሩልናል። ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ ይህን መዝሙር የማያስተምር የግል መዋዕለ ሕፃናት ማግኘት ይከብዳል። ማን ጻፈው ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም።

የጻፈችው ሣራ ጆሴፋ ሄል የምትባል አሜሪካዊት ናት። ጠበቃ ባሏ በ1822 እ.ኤ.አ. ሲሞት አምስት ልጆች ይዛ ቀረች። መጀመሪያ የባርኔጣ ሥራ ሞከረች። ቀጥሎ የባሏ የፍሪሜሶን ማኅበር ጓደኞች ረድተዋት የግጥም መጽሐፏ ታተመ። የእኛ እድር ድንኳንና ወንበር ይሰጣል እንጂ ግጥም አሳትሞ አያውቅም፤ ያም ሆኖ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ1828 ጀምሮ ቦስተን ውስጥ የሴቶች መጽሔት አዘጋጀች፤ ከ1837 እስከ 1877 ድረስ ደግሞ በአገሩ ስመ ጥር የነበረ የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ሆና አርባ ዓመት ሠራች። ልጆቿን ያሳደገችው በብዕሯ ነው።

የበጓ ግጥም የወጣው በ1830 ነው። በዚያ ዘመን ሴት ስሟን ጽፋ አደባባይ መውጣቷ እንደ ነውር ይታይ ስለነበር ብዙዎቹ ያለ ስም ወይም በስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ያሳትሙ ነበር። የልጆች ግጥም ግን የእናትነት ሥራ ተቀጥላ ተደርጎ ስለሚቆጠር በሩ ትንሽ ገርበብ ይልላቸው ነበር። በ1857 ግጥሙ በታዋቂ የትምህርት ቤት ማንበቢያ ውስጥ ሲገባ የሄል ስም አብሮ አልገባም። ኋላም መነሻውን የጻፈው አንድ ወጣት ወንድ ነው የሚል ወሬ ተነሣ፤ እሷ እርጅናዋ ድረስ የእኔ ነው ስትል ኖራለች። ኤዲሰን በ1877 ድምፅ መቅጃ መሣሪያውን ሲሞክር የተናገረውም ይህንኑ ግጥም ነበር።

በዚያው ጊዜ ሊዲያ ማሪያ ቻይልድ የተባለች ሴት በ1826 የልጆች መጽሔት ጀመረች፤ በ1829 ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ቤት ማስተዳደርን የሚያስተምር መጽሐፍ አወጣች። በ1833 ባርነትን የሚቃወም መጽሐፍ ስትጽፍ ግን የመጽሔቱ ደንበኞች ጥለዋት ሄዱ፤ በዓመቱ አዘጋጅነቱን ለቀቀች። ስለ ሽንኩርትና ስለ ሳሙና እስከጻፈች ድረስ ማንም አልጠላትም ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ሴቶች ልጆችን የሚያስተምረው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ ቤት ጋር ስማቸው የሚነሣው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ፤ ስዊዘርላንድ ተማሩ፤ ተመልሰው አስተማሩ። ጣሊያን ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተይዘውም በአዚናራ ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ ደሴ አስተማሩ፤ ቀጥሎም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኑ። በ1942 ዓ.ም. ግጥምና ተውኔት የያዘውን «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ፤ በ1950 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫም ፓርላማ ገቡ። የሴት ጋዜጠኞቻችን ታሪክ ሲነሣ ከፊት የሚጠሩት ወይዘሮ ሮማነወርቅ ካሳሁን ደግሞ «ትዳር በዘዴ»ን ጽፈዋል። ርዕሱን ስናይ የቻይልድ የቤት አያያዝ መጽሐፍ ትዝ አለን።

ሁለቱም ሙሉ ስማቸውን አስፍረው ነው ያሳተሙት፤ ስማቸውን ሳይገልጹ ካሳተሙት የዚያ ዘመን አሜሪካውያን ሴቶች በዚህ ይለያሉ። ሆኖም የኛዎቹ ሴቶች ወደ ማተሚያ ቤት የገቡት በአገር ፍቅርና በትዳር በር ነው፤ በልጆች ግጥም በኩል አልገቡም። ተማሪ ቤት ያነበብነውን የተረት ግጥም በ«ታሪክና ምሳሌ» የሰጡን ከበደ ሚካኤል ናቸው። በቴሌቪዥን ልጆችን ሰብስበው ተረት ያወሩልን አባባ ተስፋዬ ናቸው። (አባባ ተስፋዬ ወጣት ሳሉ መድረክ ላይ ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ሴት መድረክ መውጣቷ ስለማይወደድ የእኛንም ቦታ ወንድ ነበር የሚሞላው።) ሁለቱንም እናከብራቸዋለን። ግን ልጅ በመጀመሪያ የሚሰማውን ግጥም የሚያወጣው ማን ነው? እናትና አያት አይደሉም?

ያ ግጥም መጽሐፍ ውስጥ ያልገባው ስላላማረ አይመስለንም። ዕውቀት ማለት ዳዊት መድገምና ቅኔ መቁጠር በነበረበት አገር እሹሩሩ ከጽሑፍ አይቆጠርም። በቅኔውም ቢሆን ሴት አልጠፋችም፤ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ ቅኔ አስተምረዋል። የለቅሶ ቤት አልቃሽም በችሎታዋ ስሟ ይታወቃል። እሹሩሩ ግን በጨለማ፣ በዝግ ቤት፣ ለአንድ ሕፃን የሚባል ነው፤ ነገ ማታ ቃሉ ይለወጣል። ሰሚው ነገሩን ስለማይገባው እናት ለጎረቤት የማትነግረውን እዚያ ትለዋለች፦ ባል መዘግየቱን፣ አማት መቆጣቷን፣ የዱቄት ማለቁን። ስለ ልጅ ይመስላል፤ ብዙው ስለ እሷ ነው። የአደባባዩ የልጃገረዶች ዘፈን አበባየሆሽ እንኳ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ የቤቱ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ከመካከላችን ሂሳብ የሚሠሩ አሉና ይህን በሂሳብ ቋንቋ ብናየው፣ ያልተመዘገበ መዋጮ ማለት ነው። ገንዘቡ ገብቷል፤ ሣጥኑም ሞልቷል፤ ደረሰኝ የተቆረጠላት ግን የለችም። ሄል ያን ያህል ዓመት የተከራከረችው ስሟ የሰፈረበት የ1830 መጽሐፍ በእጇ ስለነበረ ነው። እናቶቻችን ምን ይዘው ይከራከሩ?

ጉለሌ ውስጥ ደግሞ እሹሩሩ በአንድ ቋንቋ ብቻ አይባልም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤቶች ውስጥ በጋሞኛ ልጅ ይባባላል፤ ከእንጦጦ ማዶ የመጡት በኦሮምኛ ያስተኛሉ፤ የመንዟም እናት የራሷ ዜማ አላት። ከመዋጮ መዝገቡ ጎን ባለ መቶ ቅጠል ደብተር ከፍተናል። ዓምዶቹ አራት ናቸው፦ የባለቤቷ ስም፣ የተማረችበት አገር፣ ግጥሙ በራሷ ቋንቋ፣ ከማን እንደሰማችው። ከራሷ ያወጣችው ከሆነ በመጨረሻው ዓምድ «ከራሴ» ተብሎ ይጻፋል። መጻፍ የማትችል አባል በአፏ ትነግረን፤ ጸሐፊዋ ታሰፍርላታለች፤ ስሙ ግን የጸሐፊዋ ሳይሆን የተናጋሪዋ ይሆናል።