ተጨማሪ ራውተር የቤት ውስጥ ዋይፋይን የሚያሰፋው እንዴት ነው?

በሰሜን ሸዋ ዞን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ጫጫ ብርዳማ የደጋ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለው አካባቢ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ለነዋሪው ሙቀት ይሰጣል፤ ለዋይፋይ ሞገድ ግን ብርቱ መሰናክል ነው። የቆርቆሮ ግድግዳና ጣሪያም ሞገዱን ወደ መጣበት ይመልሰዋል። በዚህም ምክንያት ሳሎን ውስጥ በሚገባ የሚሠራ ኢንተርኔት ጓዳ ወይም ሰርቪስ ቤት ሲደርስ ይደክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል።

ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መፍትሔ ሁለተኛ ራውተር መግዛት ነው። ነገር ግን ተጨማሪ ራውተር ያለውን ኢንተርኔት ራቅ ወዳለ ክፍል ያደርሳል እንጂ ፍጥነቱን አይጨምርም። በሰከንድ 10 ሜጋቢት የተገዛ መስመር ሦስት ራውተር ቢገጠምለትም ያው 10 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ከዋናው ራውተር አጠገብ ቆሞ ፍጥነቱን መለካት ይገባል። እዚያም ደካማ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው።

ቀጣዩ እርምጃ ወጪ የለውም። ራውተሩን ከወለል ከፍ አድርጎ፣ ከብረት ቁም ሳጥንና ከማቀዝቀዣ አርቆ፣ በቤቱ መካከል ማስቀመጥ ነው። በገጠር በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር የሚጠቀም አርሶ አደር ግን የሞባይል ኔትወርኩ ይበልጥ በሚይዝበት መስኮት አጠገብ ቢያኖረው ይመረጣል። ሁለት ድግግሞሽ ባለው ራውተር ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን በተሻለ ያልፋል፤ 5 ጊጋኸርዝ በቅርብ ርቀት ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ ሁለተኛው ራውተር በኔትወርክ ገመድ ቢገናኝ የተሻለ ነው፤ ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያገለግላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

1. ሁለተኛው ራውተር ለብቻው ተከፍቶ አድራሻው ከዋናው የተለየ ይደረጋል፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ሁለተኛው 192.168.1.2 ሊሆን ይችላል።

2. የኔትወርኩ ስምና የይለፍ ቃሉ ከዋናው ጋር አንድ ይደረጋል። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሁለቱ ቻናል ግን ከ1፣ 6 እና 11 መካከል የተለያየ ይሁን።

3. በመጨረሻ አድራሻ የማደሉን ሥራ ዋናው ብቻ እንዲያከናውን በሁለተኛው ላይ ያለው ዲኤችሲፒ ይዘጋል።

4. ገመዱ የሁለቱን ራውተሮች ላን የሚል ጽሑፍ ያለባቸውን መሰኪያዎች ያገናኛል። ራውተሩ አክሰስ ፖይንት የሚል ምርጫ ካለው ግን እሱን መርጦ የአምራቹን መመሪያ መከተል ሥራውን ያቀላል።

ገመድ መዘርጋት በማይቻልበት ቤት ሪፒተር መጠቀም ይቻላል። ሪፒተሩ የሚቀመጠው ዋይፋዩ ከጠፋበት ክፍል ሳይሆን ገና በደንብ ከሚይዝበት፣ በመካከል ካለ ቦታ ነው፤ ያልደረሰውን ሞገድ ሊያስተላልፍ አይችልምና። በአንድ ሬዲዮ ብቻ የሚቀበልና የሚያስተላልፍ ሪፒተር ፍጥነቱን እስከ ግማሽ ሊቀንሰው እንደሚችልም ማወቅ ያስፈልጋል።

ከቤት ወደ ሰርቪስ ቤት በደጅ የሚያልፍ ገመድ ለውጭ አገልግሎት የተሠራ ቢሆንና በቱቦ ውስጥ ቢያልፍ መልካም ነው። ከሁሉ በላይ ግን የመብረቅ አደጋን ማሰብ ይገባል፤ ዝናብና ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ መንቀል ዕቃዎቹን ከጉዳት ለመጠበቅ ይረዳል። መብራት ሲጠፋም ባትሪ ለዋናው ራውተር ብቻ ከተዘጋጀ ሁለተኛው አብሮ አይሠራም፤ ስለዚህ መጠባበቂያው ሁለቱንም የሚችል መሆን አለበት።

በመጨረሻም በሁለቱም ራውተሮች ላይ ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል መለወጥና ቢያንስ ደብሊውፒኤ2 የተባለውን ጥበቃ መምረጥ ያስፈልጋል። ሽፋኑ ሲሰፋ ሞገዱ ከአጥር ውጭም ሊደርስ ይችላል፤ በመጠን የተገዛ የኢንተርኔት ጥቅል ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ በሌላ ሰው ሊያልቅ ይችላል።